ከወሎ ወደ ዱባይ፦ የመጀመሪያውን ዓመት በሥርዓት ለመኖር የሚያግዝ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልድያ ወይም ከኬሚሴ ተነሥቶ በሕጋዊ የሥራ ውል ዱባይ ለሚገባ ሰው ነው። በጅቡቲና በየመን በኩል ስለሚያልፈው የበረሃ መንገድ የሚለው ነገር የለም፤ ያ መንገድ ስንት ቤት እንዳጎደለ ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በእኛ ዘንድ አብዛኛው ጉዳይ የሚጸናው በቃልና በመተዋወቅ ነው፤ ቤት የሚከራየው «የእገሌ ልጅ ነው» ተብሎ፣ ብድር የሚሰጠው በሰው ፊት፣ ጠብ የሚበርደው በሽማግሌ ነው። ዱባይ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባትና ከነዋሪዎቿ አብዛኞቹ ከሌላ አገር የመጡባት ከተማ ስለሆነች፣ ማንም ማንንም በዘር ቆጠራ አያውቅም፤ በመሆኑም ነገር ሁሉ የሚጸናው በወረቀት፣ በፊርማና በቀን ነው። ከወሎ የሚሄድ ሰው በመጀመሪያው ዓመት የሚገጥመው ችግር በአብዛኛው የሚመነጨው በወረቀት የሚያዘውን ነገር በቃል ከመያዝ ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በዚሁ ሐሳብ ቅደም ተከተል የያዙ ናቸው።

አንደኛ፦ ስምዎን በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ያድርጉ

መሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ብዙ መልክ አለው፤ ሰይድ፣ ሁሴን፣ እንድሪስ፣ ዘይነባም እንደዚሁ ናቸው። የትምህርት ማስረጃዎ ላይ በአንድ አጻጻፍ፣ ፓስፖርትዎ ላይ በሌላ አጻጻፍ ከተጻፈ፣ ደሴ ላይ ማንም ግድ የማይሰጠው ይህ ልዩነት ዱባይ ላይ የሁለት ሰዎች ሰነድ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ፓስፖርቱን መለኪያ አድርገው የትምህርት ማስረጃውን፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫውን ጎን ለጎን ዘርግተው ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። የትውልድ ቀንም እንዲሁ ነው፤ በእኛና በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ስለሆነ፣ በግምት የተቀየረ ቀን በኋላ ማረም እጅግ አድካሚ ይሆናል።

ስሙ ከተስተካከለ በኋላ ማረጋገጡ ይቀጥላል። የዲግሪ ወይም የዲፕሎማ ማስረጃ ከሰጠው ተቋም ተነሥቶ በትምህርት ጉዳይ ኃላፊነት በተሰጠው የመንግሥት አካል፣ ከዚያ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ኤምባሲ ይረጋገጣል፤ የመጨረሻው ማኅተም የሚያርፈው በዚያች አገር ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። ከእነዚህ አንዱን ዘልሎ ወደሚቀጥለው መሄድ አይቻልም። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ ለአንድ ማኅተም ደጋግሞ ከመመላለስ ሰነዱን ሁሉ አሟልቶ በአንድ ጉዞ መጨረስ ይሻላል። ያገቡ ከሆነና በኋላ ቤተሰብ የማምጣት ሐሳብ ካለዎት የጋብቻና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀቶችን በዚሁ ጉዞ ያስጨርሱ፤ ዛሬ የማያስፈልጉ ቢመስሉም በሁለተኛው ዓመት የሚፈለጉት እነሱ ናቸው።

ከመሄድዎ በፊት ለሚያምኑት የቤተሰብ አባል በሕግ የተረጋገጠ ውክልና ሰጥተው ይውጡ። ውክልናው ምን ምን ለመፈጸም እንደሆነ ተዘርዝሮ ይጻፍ፤ ባንክ ማንቀሳቀስ፣ ሰነድ ማውጣት፣ ቤት ማከራየት ወይም መሸጥ የተለያዩ ሥልጣኖች ናቸው። ወንድም ለወንድሙ ሥልጣን ሲገድብ እንደ አለመተማመን ይቆጠር ይሆናል፤ ይሁንና በኋላ ከሚመጣው ቅያሜ አሁን የሚሰማው ትንሽ ሐፍረት ይቀላል።

ሁለተኛ፦ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት መነሻ ደመወዙን ይመርምሩ

«ደመወዙ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ለዱባይ ውል በቂ አይደለም። ውሉ ክፍያውን መነሻ ደመወዝና አበል ብሎ ይከፍለዋል፤ የቤት፣ የትራንስፖርትና የምግብ አበል በወር መጨረሻ አብሮ ስለሚገባ ልዩነቱ ላይታይዎት ይችላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ሥራ ላይ በዋለው የአገሪቱ የሠራተኛ ሕግ መሠረት የአገልግሎት ክፍያም ሆነ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚሰላው በመነሻ ደመወዙ ላይ ብቻ ነው።

በምሳሌ እንየው። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው በወር 2,000 ድርሃም ያገኛሉ እንበል። የአንደኛው መነሻ ደመወዝ ሙሉው 2,000 ነው፤ የሁለተኛው መነሻ 1,000 ሆኖ ቀሪው አበል ነው። አንድ ሠራተኛ ቢያንስ አንድ ዓመት ካገለገለ በኋላ ሲለቅ፣ እስከ 5 ዓመት ድረስ ለእያንዳንዱ ዓመት የ21 ቀን መነሻ ደመወዝ ይከፈለዋል። ከ3 ዓመት አገልግሎት በኋላ የመጀመሪያው ሰው 4,200 ድርሃም ሲያገኝ ሁለተኛው የሚያገኘው 2,100 ነው። በየወሩ እኩል ሲቀበሉ የነበሩ ሰዎች በመውጫቸው ቀን በእጥፍ የተለያዩት በአንዲት መስመር ምክንያት ነው። ስለዚህ ደላላ ወይም ኤጀንሲ ጠቅላላውን ቁጥር ብቻ ሲጠራልዎ «መነሻው ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ከዚሁ ውል ላይ የሚከተሉትንም ማየት ያስፈልጋል። የሙከራ ጊዜ ከ6 ወር መብለጥ የለበትም። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ሲሆን በረመዳን በቀን በ2 ሰዓት ይቀንሳል። አንድ ዓመት የሞላው ሠራተኛ 30 ቀን የዓመት ፈቃድ አለው። አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው፤ «ለጥንቃቄ እኔ ጋ ይቀመጥ» ቢባሉም ፓስፖርቱ የእርስዎ መሆኑን በትሕትና ተናግረው ይውሰዱት። በግለሰብ ቤት የሚቀጠሩ ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 9 ቁጥር ድንጋጌ ነው፤ እሱም በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት ከዚህም ውስጥ 8ቱ ተከታታይ እንዲሆኑ፣ በዓመትም 30 ቀን ከክፍያ ጋር ፈቃድ እንዲሰጥ ያዝዛል።

የወጪውን ጉዳይ በተመለከተ የእኛው አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትኬትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን ክፍያ በአሠሪው ላይ ይጥላል። ሠራተኛው የሚሸፍነው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና ክትባት ያሉትን ነው። «ፍሪ ቪዛ» እየተባለ በደላላ የሚሸጠው ነገር በሕግ ስፍራ የለውም፤ ቪዛው በአንድ ድርጅት ስም ወጥቶ ለሌላ መሥራት ሲሆን፣ የሚያስቀጣውም ሠራተኛውንም አሠሪውንም ነው። በጉብኝት ቪዛ ገብቶ መሥራትም እንዲሁ ክልክል ነው። ብዙ ሰው ይህን እያወቀ «አብሽር፣ ሁሉም እንዲህ ነው የገባው» በሚል ማበረታቻ ይሄዳል። የተናገረው ሰው ግን ሲያዙ አብሮ አይቀርብም።

ሦስተኛ፦ ሻንጣዎን ራስዎ ያሽጉ

ጫት በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ በአደንዛዥ ዕፅነት የተከለከለ ነው። በወሎ ዱዓና ወዳጃ ላይ የሚቀመጥ፣ በክብር የሚቀርብ ነገር ስለሆነ ይህን ለመቀበል የሚከብደው ሰው አለ፤ ይሁንና ዱባይ አየር ማረፊያ ላይ አንዲት እስር ጫት ብትገኝ ልታስከትል የምትችለው ምርመራ፣ እስራትና ከአገር መባረር ነው። ደርቆም ሆነ ተፈጭቶ ልዩነት የለውም።

ይበልጥ የሚያስቸግረው የአደራ ዕቃ ነው። «ለልጄ ይቺን ብቻ አድርሱልኝ» ያለች እናት ፊት እምቢ ማለት በእኛ ባህል ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው አንድ ደንብ ያውጡና ለሁሉም እኩል ይናገሩ፦ በፊቴ ተከፍቶ፣ እኔው ያሸግሁት ካልሆነ አልይዝም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎ ለግል ፍጆታ በሚመጥን መጠን ቢሆን ችግር አይፈጥርም። በጨርቅ የተቋጠረ ስሙ ያልታወቀ ቅጠልና ዱቄት ግን፣ መድኃኒት ነው ቢባልም፣ ይቅርብዎት። እንደ ትራማዶልና ኮዴይን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች በዚያ አገር ቁጥጥር የሚደረግባቸው ስለሆኑ ያለ ሐኪም ማዘዣና ያለ ቅድሚያ ፈቃድ አይያዙም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ መውሰድ የሚያስብ ሰው የዱባይ ሶኬት ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ያለው መሆኑን ይወቅ። እዚያው ዴይራ በሚባለው የዱባይ ሰፈር ካሉት የሐበሻ ሱቆች መግዛት ከክብደቱ ያሳርፋል።

አራተኛ፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መታወቂያውን ያስቀድሙ

ከገቡ በኋላ የሚከተለው ቅደም ተከተል በአሠሪዎ በኩል ይፈጸማል፤ የደም ምርመራና የደረት ራጅ፣ የጣት አሻራ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ በመጨረሻም በ784 የሚጀምር ቁጥር ያለው የኤምሬትስ መታወቂያ። ያለዚህ መታወቂያ በስምዎ የባንክ ሒሳብ መክፈትም ሆነ ቤት መከራየት አይቻልም፤ ክሊኒክም የሚጠይቅዎት እሱን ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የት እንደደረሰ በየሳምንቱ ይጠይቁ፤ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። በዱባይ ሕግ አሠሪ ለሠራተኛው የጤና መድን የመግዛት ግዴታ አለበት፤ ወጪውንም ከደመወዝ መቁረጥ አይችልም። መድኑ የትኞቹን ክሊኒኮች እንደሚሸፍን ጤናማ ሳሉ ይወቁ።

የሚከተሉትን ቁጥሮች በስልክዎ ላይ ያስገቡ፦ ፖሊስ 999፣ አምቡላንስ 998፣ እሳት አደጋ 997፣ የሠራተኛ ቅሬታና ምክር 80084። ዱባይ የኢትዮጵያ ቆንስላ ስላለ በመጀመሪያው ወር ሄደው ይመዝገቡ። ፓስፖርትዎ ሊያበቃ ከስድስት ወር በታች ሲቀረው መንቀሳቀስ መጀመር ዘግይቶ መጀመር ነው።

ለቤተሰብ ስልክ መደወልም የራሱ ደንብ አለው። በዋትሳፕ መጻፍ ቢቻልም በድምፅና በምስል መነጋገር በአገሪቱ ተዘግቷል፤ ሰዉ የሚጠቀመው እንደ ቦቲም ያሉ የተፈቀዱ መተግበሪያዎችን ነው። እናትዎ ስልክ ላይ ቦቲምን ከመሄድዎ በፊት ጭነው፣ አጠቃቀሙንም አሳይተው ይሂዱ።

አምስተኛ፦ ለሰውነትዎና ለሰዓትዎ ጊዜ ይስጡ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ ዱባይ ባሕሩ ዳር ናት። በዱባይ የበጋ ወራት፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከሙቀቱ ይልቅ ለደጋ ሰው የሚከብደው ግን ከባሕሩ የሚነሣው ወበቅ ነው። የባቲና የኬሚሴ ልጆች በዚህ ረገድ ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ካደጉት ይሻላሉ፤ ቢሆንም ሰውነት እንዲህ ያለውን ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጉልበትን ማሳየት አያስፈልግም። ውኃ ሳይጠሙ መጠጣት፣ ምግብ ላይ ጨው አለመተው፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ወዲያው ወደ ጥላ መግባት ያስፈልጋል። ላብ ቆሞ ቆዳው የጋለ፣ ንግግሩም የተዘባረቀ ሰው ካዩ ጉዳዩ የድካም ስላልሆነ 998 ይደውሉ። ሕጉ በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 በከተማዋ ሰዓት ከቀኑ 12፡30 እስከ 3፡00 ፀሐይ ላይ ማሠራትን ይከለክላል፤ ይህን ዕረፍት መጠየቅ መብት ነው።

ሰዓትን በተመለከተ ሁለት ነገሮች ይደራረባሉ። የከተማዋ ሰዓት ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ አቆጣጠሩም ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር ነው። በዱባይ ከምሽቱ 9፡00 ሲሆን ደሴ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። በሥራ ጉዳይ ውስጥ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ጨርሶ መተው፣ የስልኩንም ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ማድረግ ይመከራል። ሁለቱን በልብ እየቀያየሩ መኖር ለቡና ጨዋታ እንጂ ለፈረቃ ሥራ አይሆንም። የሳምንቱ ዕረፍት እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ወዲህ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቅዳሜና እሑድ ሲሆን ዓርብ ግማሽ ቀን ይሠራል።

ማእድ ቤትም ይለወጣል። ደሴ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ባቄላና አተር እስኪበስል ብዙ ያስጠብቃል፤ ዱባይ ላይ ግን 100 ዲግሪ ስለሚደርስ ቶሎ ይበስላል፤ በአገር ቤት ልማድ እሳት ላይ የተተወ ምስርም ይፈርሳል። የእንጀራ ሊጥ ደግሞ በሙቀቱ ቶሎ ይኮመጥጣል። ማቡካትና እርሾ መጨመር የለመዱትን ቀን ሳይቆጥሩ ሊጡን እያዩ ነው፤ ቤቱ ማቀዝቀዣ ካለው ደግሞ እንደገና ይዘገያል። ቡና ሲቆሉና እጣን ሲያጨሱ መስኮት ይክፈቱ፤ ጣራው ላይ ያለው የጭስ ጠቋሚ ሕንፃውን በሙሉ ሊያስጮህ ይችላል። ጠቋሚውን በፕላስቲክ መሸፈን ብዙዎች የሚያደርጉት ነገር ቢሆንም፣ እሳት የተነሣ ቀን የሚያስከፍለው ከባድ ነው።

ስድስተኛ፦ ቤት ሲከራዩ ስምዎ ኢጃሪ ላይ ይስፈር

አሠሪው ማደሪያ የሰጠዎት ከሆነ ይህን ክፍል ለኋላ ማቆየት ይችላሉ። ራስዎ የሚከራዩ ከሆነ ግን በጣም ማስተዋል የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው። ኪራይ የሚነገረው በዓመት ሲሆን የሚከፈለውም በቅድሚያ በተጻፉ ቼኮች ነው፤ ቼኩ በበዛ ቁጥር ለተከራይ ይቀላል። ውሉ ኢጃሪ በሚባለው የመንግሥት መዝገብ ላይ መስፈር አለበት፤ ያልተመዘገበ ውል ክርክር ሲነሣ አያቆምዎትም።

ዓመታዊ ኪራዩ 50,000 ድርሃም የሆነ፣ ዕቃ የሌለው ቤት በአራት ቼክ ተገኘ እንበል። የመጀመሪያው ቼክ 12,500 ነው። ማስያዣ በልማድ 5 በመቶ በመሆኑ 2,500፣ የደላላው ኮሚሽንም 5 በመቶ ሆኖ 2,500፣ ለመብራትና ለውኃ መሥሪያ ቤቱ ለደዋ የሚያስይዙት 2,000፤ በድምሩ 19,500 ድርሃም ፍራሽ ሳይገዛ ወጣ ማለት ነው። ከዚህ በተጨማሪ የዓመቱ ኪራይ 5 በመቶ የቤት ክፍያ ተብሎ፣ ለ12 ወር ተከፋፍሎ በየወሩ የደዋ ሒሳብ ላይ ይጨመራል። ይህን አስቀድሞ ያላሰላ ሰው በሁለተኛው ወር ተበዳሪ ይሆናል።

አዲስ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው አልጋ በመከራየት ነው። ነገሩ የተለመደ ቢሆንም፣ ተከራይ ያለ አከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ለሌላ ማከራየቱ በዱባይ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ክፍልን በቺፕቦርድ እየከፈሉ ማከራየትንም የከተማው አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2025 አጥብቆ መቆጣጠር ጀምሯል። ስለዚህ አልጋውን ያገኙት በአገር ልጅ በኩል ቢሆንም እንኳ ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ፦ ኢጃሪው በማን ስም ነው፣ እኔ አብሮ ነዋሪ ሆኜ እመዘገባለሁ ወይ፣ ለከፈልኩት ደረሰኝ አለ ወይ። «የደሴ ልጅ ሆኖ እንዲህ ይጠይቀኛል?» ብሎ የሚቀየም አከራይ ካለ ሌላ አልጋ ቢፈልጉ ይሻላል።

መጓጓዣው የከተማዋ ቀላሉ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው ሜትሮ፣ አውቶቡሱም የሚከፈለው በኖል ካርድ ነው፤ ብርማው ካርድ 25 ድርሃም ሲሆን 19ኙ ለጉዞ የሚውል ነው። አብራ የሚባለው ጀልባ ከዴይራ ወደ ቡር ዱባይ በ1 ድርሃም ያሻግራል። ሜትሮ ውስጥ መብላት፣ መጠጣትና ማስቲካ ማኘክ 100 ድርሃም ያስቀጣል፤ ለሴቶችና ለሕፃናት በተለየው ክፍል የተገኘ ወንድም እንዲሁ።

ሰባተኛ፦ እኛ ዘንድ ደግ ሥራ፣ እዚያ ግን ወንጀል የሚሆነውን ይለዩ

በወሎ ሰው ሲሞት ቅሬ፣ ማለትም የአካባቢው ዕድር፣ ይነሣል፤ ሰው ሲታመም ገንዘብ ይዋጣል። ይህን ልማድ ይዞ ዱባይ የገባ ሰው «እኅታችን ታማለች» ብሎ በቴሌግራምና በፌስቡክ ገንዘብ ማሰባሰብ ሲጀምር ከሕግ ጋር ይጋጫል፤ ፈቃድ ከተሰጣቸው ድርጅቶች በስተቀር ማንም መዋጮ መሰብሰብ አይችልም። የታመመ ወይም የሞተ ሰው ሲኖር ጉዳዩን ወደ ቆንስላው ወይም ፈቃድ ወዳለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ማድረስ፣ በግል ማገዝ የሚፈልግም ራሱ በቀጥታ ለተቸገረው መስጠት ይቻለዋል። ዕቁብም ቢሆን በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል የሚጣል ከሆነ፣ ሰብሳቢው የጠፋ ዕለት መክሰሻ የሌለው ገንዘብ ስለሆነ አልመክረውም።

ሌላው የስልክ ነገር ነው። ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሣትና ማሰራጨት፣ በዋትሳፕ መሳደብ፣ በብሔርና በሃይማኖት ላይ ጥላቻ መጻፍ በከባድ ቅጣት ያስጠይቃሉ። ስድቡ በአማርኛ መሆኑ አያድንም፤ የተሰደበው ሰው ስልኩን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ይችላል። በአገር ቤት ፖለቲካ የጋለ የቡድን ገጽ ውስጥ ያሉ ሁሉ ከመሳፈራቸው በፊት ቢወጡ ይበጃል። መጠጥ በሚመለከት ሙስሊም ላልሆነና 21 ዓመት ለሞላው ሰው በተፈቀደ ቦታ የሚቻል ቢሆንም፣ በአደባባይ ሰክሮ መታየት ወንጀል ነው።

ስምንተኛ፦ ገንዘብን በሁለት ከፍለው ያስቡ

ድርሃም በዶላር 3.6725 ላይ የታሰረ ገንዘብ ነው፤ ብር ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ የሚወሰን ሆኗል። ይህ ማለት የሚልኩት መጠን ሳይለወጥ ቤት የሚደርሰው ብር ሊለዋወጥ ይችላል። ዱባይ ላይ የሚገዙትን ሁሉ ወደ ብር እየመነዘሩ «ይህ ዳቦ ይህን ያህል ብር?» ማለት ለጤናም አይሆንም፤ ቤተሰብ ደግሞ ደመወዙን ወደ ብር መንዝሮ ባለጸጋ ሆነሃል ይላል። ሁለቱንም ለማስቀረት የሚጠቅመው፣ ከመጀመሪያው ደመወዝ በፊት በየወሩ ምን ያህል ድርሃም እንደሚልኩና ለምን እንደሚውል ከቤተሰብ ጋር ቁርጥ አድርጎ መነጋገር ነው። ለሰርግ፣ ለተዝካር፣ ለመውሊድ የሚጠየቀው ከዚያ ውጭ ከሆነ «በዚህ ወር የለም» ለማለት መሠረት ይኖርዎታል።

ገንዘቡን በባንክና ፈቃድ ባላቸው ሐዋላ ቤቶች ብቻ ይላኩ። በእጅ ተቀብሎ «ደሴ ላይ አሁን ይሰጣል» የሚል ግለሰብ በምንዛሬው ጥቂት ቢያስበልጥም፣ ፈቃድ ከሌለው ሥራው በዱባይም በኢትዮጵያም ሕገ ወጥ ነው፤ ገንዘቡ ሲቀርም ደረሰኝ የለም። በዱባይ የደመወዝ ግብር ባይኖርም ከጥር 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአብዛኛው ግዢ ላይ 5 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ አለ።

ዘጠነኛ፦ የአገር ልጅ ይኑርዎት፤ ግን ከእሱ ውጭም ሰው ይወቁ

ዴይራ ውስጥ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አማርኛ እየሰሙ ቡና መጠጣት ይቻላል። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይህ ትልቅ መጽናኛ ነው። ነገር ግን አማርኛ ከሚነገርበት ክበብ ያልወጣ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላም ከተማይቱን የሚያውቃት በሌላ ሰው አፍ ነው፤ የሥራ ወሬም የሚደርሰው ሌሎች ከተቀጠሩ በኋላ ነው። በመድረሳ ዐረብኛ የተማረ ሰው ጽሑፍ ማንበብ ይችላል፤ በመንገዱ የሚሰማው ግን እንግሊዝኛ፣ ኡርዱና ሂንዲ ጭምር ስለሆነ፣ ለሥራ የሚያዋጣው እንግሊዝኛን ማሻሻል ነው። በሥራ ቦታ ከኬራላ፣ ከፊሊፒንስ ወይም ከፓኪስታን የመጣ አንድ የቆየ ባልደረባ መያዝ ከብዙ የቴሌግራም ምክር ይበልጣል፤ የመሥሪያ ቤቱን ልማድ የሚያውቀው እሱ ነው።

መስጊድ በየአካባቢው አለ። ክርስቲያኖች በኡድ ሜታና በጀበል ዓሊ የአብያተ ክርስቲያናት ግቢዎች ያገኛሉ። ሙስሊሙ ለገና፣ ክርስቲያኑ ለዒድ ቤት ለቤት የሚጠራራበት የወሎ ልማድ እዚያም ሊቀጥል ይችላል፤ ከሌላ አገር የመጡ ጎረቤቶች በመገረም የሚያዩት ነገር ስለሆነ፣ እነሱንም ጠርቶ ማብላት ወዳጅነት ለመጀመር ከሁሉ የቀለለ መንገድ ነው።

ናፍቆቱ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው በመጀመሪያው ሳምንት አይደለም፤ አዲስ ነገር ካለቀና ሥራው ከተለመደ በኋላ፣ በሦስተኛው ወር አካባቢ ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ከሰው መሸሽ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ «ናፍቆት ነው፣ ያልፋል» ብሎ ዝም ማለት ስለማይገባ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ለቤተሰብም «ደህና ነኝ» ብቻ እየተባለ አይኖርም፤ ቢያንስ አንድ ሰው እውነቱን ይወቅ።

ዐሥረኛ፦ የመጀመሪያውን ፈቃድ ቀድመው ያቅዱ

የወሎ ሰው ወደ ቤቱ መግባት የሚመኘው ለዐረፋ ነው፤ በዚያ ሰሞን ሁሉም ስለሚመኘው የአውሮፕላን ትኬት ይወደዳል፤ መሥሪያ ቤቱም ለሁሉም በአንድ ጊዜ አይፈቅድም። የፈቃዱን ቀን የሚወስነው አሠሪው ስለሆነ ጥያቄዎን ከወራት በፊት በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ፈቃዱ ሳይረጋገጥም ትኬት አይግዙ። የዱባይ መኖሪያ ፈቃድ በአብዛኛው ከ6 ወር በላይ ከአገር ውጭ ለቆየ ሰው ስለሚሰረዝ፣ በሕመም ወይም በቤተሰብ ጉዳይ መዘግየት ከመጣ አስቀድመው ለአሠሪው ያሳውቁ። ቤተሰብ ለማምጣት ያሰቡ ከሆነ ደመወዝዎ ቢያንስ 4,000 ድርሃም፣ ወይም 3,000 ከመኖሪያ ቤት ጋር መሆን እንዳለበት ከግምት ያስገቡ፤ በአንደኛው እርምጃ ያረጋገጧቸውን የጋብቻና የልደት ሰነዶች ዋና ቅጂም በዚሁ ጉዞ ከቤት ይዘው ይመለሱ።